የደረቀ ጎጂ ቤሪን በትክክል መጠቀም፦ ከግዢ እስከ ሻይና ሾርባ

ብዙ ሰው ጎጂ ቤሪ (ከቻይና የሚመጣ ትንሽ ቀይ የደረቀ ፍሬ) ይገዛና ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ቁምሳጥን ውስጥ ይረሳዋል። ሻዩ ውሃ ውሃ አለኝ፣ ሾርባው ጎመዘዘብኝ፣ ፍሬው ተጣብቆ አንድ ጓል ሆነ፣ ሆዴን ነፋኝ። ቅሬታው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም እንዲሁ። ወይ የተበላሸ ገዝተዋል፣ ወይ ብዙ አፍልተዋል፣ ወይ በእፍኝ እየዘገኑ በልተዋል። ከሁሉም የሚብሰው ግን መድሃኒት እየወሰዱ ማንንም ሳይጠይቁ መጀመር ነው። ስለዚህ ከመድሃኒት ሣጥናችሁ እንጀምራለን፤ ወደ ኩሽና በኋላ እንገባለን።

1. ለእናንተ ይሆናል?

ይህን ክፍል ዘላችሁ ወደ ሻዩ አትሂዱ።

ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ ጎጂ ቤሪን ተዉት። ሻዩንም፣ ጭማቂውንም፣ ፍሬውንም። ይህ ወሬ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ታሪክ አለ፤ ዋርፋሪን የምትወስድ የ61 ዓመት ቻይናዊት፣ ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካው ቁጥር (አይኤንአር ይሉታል) ለሕክምናዋ በሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ባለው ክልል ውስጥ ተረጋግቶ ሳለ በድንገት 4.1 ደረሰ። ሲመረመር በቀን ከ3 እስከ 4 ብርጭቆ የወፈረ የጎጂ ቤሪ ሻይ ትጠጣ ነበር። ከዚያ ወዲህም ተመሳሳይ ታሪኮች ተመዝግበዋል። ቁጥሩ ሲወጣ አደጋው ደም መፍሰስ ነው፣ በውስጥም ጭምር።

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድሃኒት የምትወስዱ ደግሞ ሐኪማችሁን ወይም ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ፍሬው ራሱ ስኳር እንዳለው አትርሱ፤ ከ100 ግራም የደረቀ ፍሬ ውስጥ 46 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። «ለስኳር ሕመምተኛ ፍቱን ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ይህን ቁጥር አይነግራችሁም።

ኮክ፣ ቲማቲም ወይም ለውዝ ስትበሉ አፋችሁን የሚያሳክካችሁ ወይም ሽፍታ የሚያወጣባችሁ ከሆነም ተጠንቀቁ። ጎጂ ቤሪ ከቲማቲም፣ ከቃሪያ፣ ከድንች፣ ከኛው እምቧይም ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በኮክና በለውዝ ውስጥ ካለው አለርጂ ቀስቃሽ ፕሮቲን ጋር የሚመሳሰልም አለበት።

እርጉዝ ከሆናችሁ ለእርግዝና ክትትል የምታገኙትን ባለሙያ ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

የቻይና ባህላዊ ሕክምና ራሱ ለሁሉም ሰው አይሰጠውም። ጉንፋንና ትኩሳት ላይ ያለ ሰው፣ ሆዱ የላላ ሰው እስኪሻለው እንዲተወው ይነገረዋል። ይህን ብዙ ሻጮች ይረሱታል።

2. ሲገዛ

በቻይና ሱቆች «ጎውቺ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ወዲያው ያወጡላችኋል። ዱባይም ሆነ ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ የእስያ ምግብ መደብሮች ውስጥ ከደረቀ እንጉዳይና ከቀይ የቻይና ቴምር ጎን ታገኙታላችሁ፤ እዚያ ዋጋው «ሱፐርፉድ» ተብሎ በትንሽ ከረጢት ከሚሸጠው ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ዋናው አምራች አገር ቻይና ነው። ስመ ጥሩ አካባቢ በቢጫ ወንዝ ዳር ያለው የኒንግሺያ ግዛት፣ በተለይም የዦንግኒንግ ወረዳ ነው። ቺንግሃይ፣ ጋንሱና ሺንጂያንግም በብዛት ያመርታሉ። ከረጢቱ ላይ የበረዶ ተራራ ሥዕልና «ሂማላያ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ተራራውን ተዉትና ጀርባው ላይ የተመረተበትን ቦታ ፈልጉ። ቦታውና ቀኑ የማይነበብ ከሆነ አትግዙ።

ትልልቁን ፍሬ ማሳደድም አያስፈልግም። በቻይና ደረጃ የሚሰጠው 50 ግራም ውስጥ ስንት ፍሬ እንደሚገባ በመቁጠር ነው፤ 280 እና ከዚያ በታች ከሆነ ከፍተኛው ደረጃ ነው። ይህ የመጠን ደረጃ ስለሆነ ለሻይና ለአጃ መካከለኛው ይበቃችኋል።

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

ቀለሙ፦ ጤነኛው ደብዘዝ ያለ ጥቁር ቀይ ነው፣ ፍሬው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሁሉም እኩል ደማቅ፣ የሚያብረቀርቅ ቀይ ከሆነ ጠርጥሩ። ወደ ቡናማና ጥቁር ከሄደ ደግሞ አርጅቷል።

ጫፉ፦ ፍሬው ከዛፉ ጋር ተያይዞ የነበረበት ጫፍ ላይ ነጣ ያለች ነጥብ ትኖራለች። ያቺ ነጥብ ራሷ ቀይ ከሆነች ቀለም የተነከረ ሊሆን ይችላል።

ሽታው፦ ከረጢቱን ክፈቱና አሽትቱ። ለስለስ ያለ የደረቀ ፍሬ ሽታ ነው መሽተት ያለበት። አፍንጫ የሚወጋ፣ የክብሪት ጭስ የሚመስል ከሆነ በድኝ ታጥኗል ማለት ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የቻይና ማዕከላዊ ቴሌቪዥን በቺንግሃይና በጋንሱ አንዳንድ ነጋዴዎች ፍሬውን በኢንዱስትሪ ድኝ ሲያጥኑና ቀለሙን ለማድመቅ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ውስጥ ሲነክሩ አሳይቷል። አስም ያለባችሁ በተለይ ልብ በሉ፤ እነዚህ ኬሚካሎች ትንፋሽ ያሳጥራሉ።

ዱቄቱን፣ እንክብሉንና የታሸገውን ጭማቂ እኔ አልመክርም። ዱቄት ከሆነ በኋላ ምን እንደነበር ማየት አይቻልም፤ ጭማቂው ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የወይንና የፖም ጭማቂ ይበዛል። ሙሉ ፍሬ ግዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከ250 ግራም አትለፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ በበረሃና በቆላ ለምትንቀሳቀሱ፦ በዐረብ አገራት «ዐውሰጅ» የሚሉት እሾሃም ቁጥቋጦ የጎጂ ቤሪ ዘመድ ነው፣ ቀይ ትንንሽ ፍሬም አለው፣ በኛም ቆላ ይበቅላል። ዘመድ ነው፣ እሱ ራሱ ግን አይደለም። «እኮ ያው ነው» ብላችሁ ከመንገድ ዳር አትልቀሙ። የዚህ ቤተሰብ አንዳንድ ፍሬዎች ይመርዛሉ፤ እምቧይን ማስታወስ ይበቃል።

3. ቤት ስትገቡ ፈትኑት

ሀ. አሥር ያህል ፍሬ በነጭ ስኒ ውስጥ አድርጉ።
ለ. ለብ ያለ ውሃ ጨምሩና አሥር ደቂቃ ጠብቁ።
ሐ. ውሃውን እዩ። ቀስ እያለ ወደ ቢጫና ብርቱካናማ መሄድ አለበት። በደቂቃ ውስጥ ደማቅ ቀይ ከለቀቀ ቀለም ተጨምሮበታል።
መ. አንዱን ፍሬ ቅመሱ። መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ መረር ሊል ይችላል፣ ያ ልክ ነው። ምላስ የሚይዝ ኮምጣጣ ወይም ጨዋማ ከሆነ ትፉት።

ከወደቀ ምን ይደረጋል? መልሱት ወይም ጣሉት። «አጥቤ እጠቀመዋለሁ» አይሠራም፤ ማጠብ የላዩን ይቀንሳል እንጂ ውስጥ የገባውን አያወጣም። ደግሞ ካለፈ ፍጹም ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ፣ የፀረ ተባይ ቅሪት በዓይንም በምላስም አይታወቅም። ለዚህ ነው ቦታና ቀን የተጻፈበት እሽግ ግዙ ያልኩት።

4. አቀማመጥ

ስኳር የበዛበት ፍሬ ስለሆነ እርጥበት ይስባል። አዲስ አበባ በክረምት፣ ጅዳና ዱባይ ዓመቱን ሙሉ፣ በተከፈተ ከረጢት ከተቀመጠ ይጣበቃል።

ሀ. እንደገዛችሁት፣ ሳታጥቡት፣ በደንብ በታሰረ ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ ለአንድ ሳምንት አስቀምጡ። የነቀዝ እንቁላል ካለበት ይሞታል።
ለ. ስታወጡት ከረጢቱን ወዲያው አትክፈቱ። ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል ጠብቁ፤ አለዚያ ላዩ ላይ ውሃ ያልበዋል።
ሐ. ወደ ደረቅ ብልቃጥ ገልብጡና ክዳኑን ግጠሙ። ብልቃጡ ታጥቦ ያልደረቀ ከሆነ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።
መ. የወር ፍጆታችሁን ብቻ ውጭ አስቀምጡ፤ የቀረው ፍሪጅ ወይም ፍሪዘር ይግባ።
ሠ. ሁልጊዜ በደረቅ ማንኪያ ቅዱ። እርጥብ እጅ የምታስገቡ ከሆነ ሻጋታን እየጋበዛችሁ ነው።

ከተጣበቀስ? ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሰዓት አቆዩትና በእጅ ፈርፍሩት፣ ይለያያል። ከሻገተ ግን የተሻለውን እየመረጣችሁ አትቆጥቡ፤ ብልቃጡ ሙሉ ይጣል።

5. መጠን

የቻይና መንግሥት የመድሃኒት መዝገብ ለደረቀው ፍሬ የሚያስቀምጠው የቀን መጠን ከ6 እስከ 12 ግራም ነው። በኩሽና ቋንቋ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያልታጨቀ ጎጂ ቤሪ 6 ግራም ገደማ ይመዝናል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትበሉ ከሆነ በአንድ የሻይ ማንኪያ ጀምሩ። ሁለት ቀን ቆይታችሁ ምንም ካልተሰማችሁ ወደ አንድ የሾርባ ማንኪያ ከፍ በሉ። ከሁለት የሾርባ ማንኪያ በላይ ለመሄድ ምክንያት የላችሁም። «የበዛ ቶሎ ይሠራል» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ የሚያመጣው ተቅማጥና የሆድ መንፋት ነው።

6. አስተጣጠብ

ደርቆ ከተሰጣበት ቦታ አቧራ ይዞ ይመጣል፣ ስለዚህ መታጠብ አለበት። ግን በፍጥነት።

ልክ ከመጠቀማችሁ በፊት የዕለቱን ብቻ ወንፊት ላይ አድርጉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ክፈቱበት፣ በእጃችሁ እያገላበጣችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል እጠቡት፣ አራግፉ። ቁርጥራጭ እንጨትና የጠቆረ ፍሬ ካለ ልቀሙ። አንድ ሌሊት ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ትልቅ ጥፋት ነው፤ ጣፋጩና በውሃ የሚሟሟው ነገር ሁሉ ከውሃው ጋር ፍሳሽ ውስጥ ይገባል።

7. ሻይ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ጎጂ ቤሪ እንደ ቅመም ሻይ አይንተከተክም።

ሀ. ውሃ አፍሉና ከእሳት አውርዱ። ሁለት ደቂቃ ይረፍ።
ለ. የታጠበ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፍሬ ትልቅ ኩባያ ውስጥ ጨምሩ።
ሐ. 250 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ አፍስሱበትና ክደኑት። ሳትከድኑት ከተዋችሁት ይበርዳል፣ ፍሬውም አያብጥም።
መ. ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ፍሬው አብጦ ከታች መዝቀጥ ሲጀምር ደርሷል።
ሠ. ግማሹን ጠጡና እንደገና ሙቅ ውሃ ጨምሩበት። ሁለተኛው ዙር ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይጣፍጣል።
ረ. ፍሬውን በማንኪያ ብሉት። ይህን አትርሱ።

የመጨረሻዋ ለምን አስፈለገች? ስለ ዓይን ሲወራ ስሙ የሚነሳው ዚያዛንቲን የሚባል ቢጫ ቀለም ነው፤ እሱ ደግሞ በስብ እንጂ በውሃ አይሟሟም። ውሃውን ጠጥታችሁ ፍሬውን ከጣላችሁ ዋናውን ጣላችሁት። ቁርስ ላይ ከእንቁላል ወይም ከወተት ጋር ብትበሉት የተሻለ ይዋሃዳል። በጾም ጊዜ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ስኳር አትጨምሩ። ከፈለጋችሁ ሁለት ቀይ የቻይና ቴምር ሰንጥቃችሁ ዘሩን አውጥታችሁ ጣል አድርጉ፣ ወይም አንድ ቁራጭ ዝንጅብል። ቻይናዎች ከደረቀ የክሪሳንተመም አበባ ጋርም ያዋህዱታል፤ አምስት ስድስት አበባ ይበቃል፣ ከበዛ ይመራል።

ፔርሙዝ የምትጠቀሙ፦ በቻይና ጎልማሶች ጎጂ ቤሪ የሞላ ፔርሙዝ ይዘው ሲዞሩ እስከ መቀለጃ ደርሰዋል፣ ልማዱ ግን መጥፎ አይደለም። ጠዋት የሠራችሁትን እስከ ቀትር ጨርሱ። እስከ ማታ ከቆየ ፍሬው ይላሽቃል፣ ይኮመጥጣል፣ ውሃው ለብ ሲልም ለባክቴሪያ ይመቻል።

ጥቁር ጎጂ ቤሪ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ከገዛችሁ አሠራሩ ይለያል። እሱን በሚፈላ ውሃ አትንኩት፣ ቀለሙ ይጠፋል። ጣት የማያቃጥል ሙቅ ውሃ ይበቃዋል። ውሃው ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ቢሆን አትደንግጡ፤ እንደ ውሃው ባሕርይ ይለዋወጣል፣ ሎሚ ጠብ ብታደርጉበት ወደ ቀይ ይሄዳል።

8. አጃ፣ የሩዝ ሾርባና የዶሮ ሾርባ

ሕጉ አንድ ነው፦ ጎጂ ቤሪ መጨረሻ ላይ ይገባል።

ለአጃ፦ ግማሽ ስኒ አጃ በአንድ ስኒ ተኩል ውሃ ወይም ወተት አብስሉ። ሊወጣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የታጠበ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። አውርዳችሁ የኦቾሎኒ ቅቤ አማስሉበት። ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀለው ይኸው ነው፣ ለመሳሳትም ይከብዳል።

ለሩዝ፦ ግማሽ ስኒ ሩዝ በአምስት ስኒ ውሃ፣ በዝግታ እሳት፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ አልፎ አልፎ እያማሰላችሁ። ሩዙ ሲፈርስና ሲወፍር ጎጂ ቤሪውን ጨምሩ፣ አምስት ደቂቃ፣ በቃ። ለታመመ ሰው የምትሠሩ ከሆነ ግን ክፍል 1ን እንደገና አንብቡ።

ለዶሮ ሾርባ (ለአራት ሰው)፦

ሀ. አንድ ኪሎ ያህል የተገነጣጠለ ዶሮ በሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጣዱ።
ለ. መፍላት ሲጀምር የሚወጣውን አረፋ እየገፈፋችሁ አውጡ።
ሐ. አንድ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ከትፋችሁና አምስት ስድስት ቀይ ቴምር ጨምሩ፣ እሳቱን ቀንሱ፣ ክደኑ።
መ. የፈረንጅ ዶሮ ከሆነ አንድ ሰዓት፣ የሀበሻ ዶሮ ከሆነ ሁለት ሰዓትም አይበቃው ይሆናል። በሹካ እዩት።
ሠ. ሥጋው ሲበስል ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጎጂ ቤሪ ጨምሩና አሥር ደቂቃ ብቻ ይቆይ።
ረ. ጨው በመጨረሻ።

ከመጀመሪያው ከዶሮው ጋር ከጣላችሁት ፍሬው ይፈርሳል፣ ዘሩ ይበተናል፣ ሾርባው ይኮመጥጣል። በርበሬ መጨመር የፈለገ ይጨምር፣ እኔ ግን ጣዕሙን ይሸፍነዋል ባይ ነኝ።

በቻይና ጠንካራ አረቄ ውስጥ መዘፍዘፍም የተለመደ ነው። እዚህ አሠራሩን ሆን ብዬ አልጻፍኩትም፤ ምን ያህል እየወሰዳችሁ እንደሆነ መለካት አትችሉም፣ መጠጡም ከመድሃኒት ጋር የራሱ ጣጣ አለው።

9. ምን ትጠብቁ?

በባህላዊው ሕክምና ጎጂ ቤሪ ጉበትንና ኩላሊትን ይመግባል፣ ዓይንን ያጠራል ይባላል። እዚያ ጉበትና ኩላሊት ሲባል የራሱ የባህሉ አረዳድ አለው፤ ሐኪም ቤት ኩላሊታችሁ ታሟል ከተባላችሁ ይህ ሕክምናው አይደለም።

የዓይኑ ነገር ትንሽ መሠረት አለው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተሠራ አንድ አነስተኛ ጥናት ላይ በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ጤነኛ ሰዎች 28 ግራም፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለ90 ቀን በሉ፤ ዓይንን ከኃይለኛ ብርሃን የሚጠብቀው ቢጫ ቀለም ጨመረላቸው። 27 ሰው ብቻ ነው የተሳተፈው፣ የዓይን ሕመም ድኗል የሚል ውጤትም አልወጣም። 28 ግራም ደግሞ ወደ አምስት የሾርባ ማንኪያ ነው፣ እዚህ ከምመክረው ከእጥፍ በላይ።

«ደም ይተካል» የሚለውን በተመለከተ፦ 100 ግራም ውስጥ 7 ሚሊ ግራም የማይሞላ ብረት አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ውስጥ ወደ 0.4 ሚሊ ግራም ይወርዳል። አንድ ጭልፋ ምስር ወጥ በብዙ ይበልጠዋል፣ ዋጋውም አይገናኝም። ለብረት ብላችሁ ከሆነ የምትገዙት፣ ገንዘባችሁን ለምስር አውሉት።

10. ሲበላሽ

ሻዩ ጣዕም አልባ ሆነ፦ ፍሬው አርጅቷል ወይም ኩባያው አልተከደነም። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሁለቱን ፍሬ በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቃችሁ አስገቡ። ያም ካልሠራ አሮጌ ነው፣ ለአጃ አድርጉት።

ኮመጠጠ፦ ብዙ ፈልቷል። ሾርባ ከሆነ ተጨማሪ ቴምር ትንሽ ያስተካክለዋል፤ ሻይ ከሆነ ድፉት።

ፍሬው ጎማ ሆኖ ቀረ፦ በጣም ደርቋል። ለብ ባለ ውሃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉትና ውሃውን ሳትደፉ ከነውሃው ተጠቀሙበት።

ሆድ ነፋ ወይም ተቅማጥ መጣ፦ ለሦስት አራት ቀን አቁሙ። ስትመለሱ በግማሹ መጠን፣ በባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብ ጋር። ከተደገመ አይስማማችሁም፣ ተዉት።

አፍ አሳከከ፣ ሽፍታ ወጣ፦ ያኔውኑ አቁሙ፣ እንደገናም አትሞክሩ። ከንፈር ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን ቤት ተቀምጣችሁ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ዋርፋሪን እየወሰዳችሁ ሳታውቁ ስትጠጡ ቆይታችሁ ከሆነ፦ ሻዩን አቁሙ፣ መድሃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቁሙ፣ መጠኑንም አትቀይሩ። በዚያው ቀን ወደምትከታተሉበት ክሊኒክ ደውላችሁ ምን ያህልና ለስንት ጊዜ እንደጠጣችሁ ተናገሩ፣ ደማችሁ ይለካ። ድድ ወይም አፍንጫ ከደማ፣ ሰገራ ከጠቆረ ወይም ሽንት ከቀላ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ከረጢቱን ይዛችሁ ሆስፒታል ግቡ።